ቅቤ ሻጯ አልታዬና የቆርቆሮው ጣሳ

አልታዬ ቅቤ ሻጭ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ትወጣለች። ከዋንዛው ሥር ኮባ ዘርግታ፣ ቅቤውን በውሃ እየረጨች፣ ጥላው ሲዞር አብራ እየዞረች ትውላለች። በዳሞት ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች የሷን ቅቤ ያልበላ ሰው የለም። ወንጌሏን ያልሰማ ሰውም የለም።

የሷ ምስክርነት እንደ ሌላው አይደለም። ሌሎቹ የአጥቢያዋ ሰዎች በዓመት አንዴ፣ በወንጌል ሳምንት፣ ድምፅ ማጉያ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ገበያው መሃል ቆመው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮሁና ቤታቸው ይገባሉ። አልታዬ ቅቤ ታስቀምሳለች። ገዢዋ በጣቷ ቆንጥራ አፏ ውስጥ ስትከት ያኔ ነው የምትጀምረው። «ቅቤ የሚቀምስ ሰው አፉን ይዘጋል፤ አፉ ሲዘጋ ጆሮው ይከፈታል» ትላለች።

«ቅቤሽ ነገር አልተቀላቀለበትም?» ትላታለች ገዢዋ።

«አልተቀላቀለበትም። ልብሽስ?»

«እንዴ! እኔ ቅቤ ልገዛ እንጂ ልቤን ልሸጥ መጣሁ?»

«ማን ይገዛሻል! በደሙ ተገዝተሽ ያለቅሽ ሴት ነሽ። ቁጭ በይ ልንገርሽ።»

የገበያው ሰው ይስቅባታል። ቀረጥ ሰብሳቢው ባለፈ ቁጥር፣ «ቅቤ በኪሎ፣ መንግሥተ ሰማያት በነፃ!» ይላታል። «በነፃ ባይሆን ኖሮማ አንተ ቀረጥ ጥለህበት ማንም አይገባም ነበር» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ይስቅና እዚያው ቆሞ ይሰማል።

እንዲህ እያለች ነው አንድ አንድ ሰው የምታመጣው። ችኮላ የላትም። የሽማግሌ ማሴቦን እናት፣ እማማ ፋንታዬን፣ ወደ ጌታ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ማሴቦ የአጥቢያዋ ዋና ሽማግሌ ነው። እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ቤት ሙሉ ሰው ያስለቅሳል። እናቱን ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አናግሯቸው አያውቅም። «ልጄ ለአገር ሁሉ ይሰብካል፤ ለኔ ግን ምሳ ደረሰ ወይ ነው የሚለኝ» ይሉ ነበር እማማ ፋንታዬ። አልታዬ ናት ቅቤ ልታደርስ በሄደች ቁጥር ጉልበታቸውን እያሸች የነገረቻቸው። ያመኑ ዕለት ማሴቦ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «እግዚአብሔር የእናቴን ልብ ከፈተ» ብሎ አለቀሰ። የአልታዬን ስም አልጠራም። እሷም ምንም አልመሰላት።

ነገር የመጣው በሸክላ ነው።

ከገበያው ዳር፣ ቆሻሻ ውሃ ከሚወርድበት ቦይ ወዲያ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ይቀመጣሉ። ጭናሻ ነው የሚሏቸው። ስድብ አይደለም ይላሉ፣ ግን ስድብ ነው። ሰው ከሩቅ ቆሞ በዱላው ድስት እየጠቆመ ይገዛል፤ ብሩን መሬት ላይ ይጥልላቸዋል። ድስቱን ግን በሁለት እጁ አቅፎ ቤቱ ይወስዳል፤ ይቀቅልበታል፣ ይበላበታል። ድስቱ ንጹሕ ነው። የሠራው እጅ ነው የማይነካው። ይሄን ነገር ማን እንደፈረደው የሚያውቅ የለም። የሚጠይቅም የለም።

አልታዬ ለሃይታ ቱኬ፣ ለቡና ቅጠሉ ሻይ፣ ማፍያ አንድ ድስት ከነሱ ገዛች። በሁለተኛው ቀን የቡናው ቅጠል ገና ሳይፈላ ድስቱ አፈሰሰባት፣ እሳቱም ጠፋ። ሐሙስ ተናዳ ይዛው ሄደች። ሻጯ ቦጋለች ትባላለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗን የማትሰብር ሴት።

«ድስትሽ ያፈሳል!» አለቻት።

ቦጋለች ድስቱን ገልብጣ አየችው። «አሟሸሽው?»

«አሟሸሁት።»

«በምን?»

«በውሃ።»

ቦጋለች ሳቀች። «በውሃ! ቅቤ ሻጭ ሆነሽ? ለአገር ሁሉ ትሸጫለሽ፣ ለገዛ ድስትሽ ትሰስቻለሽ! በይ ሂጂ፣ ሰብረሽ ዶሮ አጠጪበት።»

ሸክላ ሠሪ እንዲህ አይናገርም። አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ እመቤቴ» ነው የሚለው። አልታዬ ደንግጣ ቆየችና ሳቋ መጣ። ከሳቀች በኋላ ደሞ ማንም የማያደርገውን አደረገች። ቦዩን ተሻግራ ቦጋለች አጠገብ ቁጭ አለች።

«ተነሺ፣ ሰው ያይሻል» አለች ቦጋለች።

«ይየኝ። ማሟሸቱን አስተምሪኝ።»

ቦጋለች አስተማረቻት፤ መጀመሪያ በለስላሳ እሳት አሙቀሽ፣ ቅቤውን ቀብተሽ፣ ጠጥቶ እስኪጠግብ ጠብቀሽ፣ ከዚያ ነው ውሃ የሚገባው። አልታዬም በተራዋ ያወቀችውን ነገረቻት።

«እግዚአብሔር መጀመሪያ ሰውን ሲሠራ ከምን ሠራው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ከጭቃ። አቡክቶ፣ ቅርጽ አውጥቶ፣ ከዚያ እፍ አለበት።»

ቦጋለች እጇን አየች። ጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ። «ታዲያ እሱም ጭናሻ ነዋ!» አለች።

አልታዬ ቀኝና ግራዋን አየች፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ። ከዚያ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። እንደዚያ ብሎ የመለሰላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቅቤዋን ስትጨርስ ቦዩን ትሻገራለች። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ቦጋለች ጥያቄ አያልቅባትም። አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፤

«አጥርሽ ላይ የተንጠለጠለ ስባሪ ቅል የለሽም?»

አልታዬ አጥሯን አሰበችው። አለ። ከአማቷ ጀምሮ እዚያው ነው የተንጠለጠለው። ሸክላ ሠሪ በመንገድ ሲያልፍ ውሃ ከጠማው በሱ ይቀዳለታል፤ ከዚያ ተመልሶ አጥሩ ላይ ይሰቀላል፣ ቤት አይገባም። የሁሉም አጥር ላይ አለ።

«እኔ ባምን» አለች ቦጋለች፣ «ጌታሽ በዚያ ቅል ነው የሚያጠጣኝ?»

«አይደለም! በጌታ ቤት አንድ ጽዋ ነው። ካንዱ ጽዋ ነው ሁላችንም የምንጠጣው።»

«ማሴቦም?»

«ማሴቦም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ጌታሽን ወድጄዋለሁ፤ ጭቃ የነካ ጌታ ነው። ግን ያንን ጽዋ እኔም ከጠጣሁ ነው እውነት የሚሆነው። የዋሸሽኝ ዕለት እሱም ዋሽቶኛል እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጪ።»

አልታዬ ያን ዕለት ቤቷ እንደገባች ቅሉን ከአጥር አውርዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ባሏ ላሊሶ አያት። «የእናቴ ነበር እኮ» አለ። ላሊሶ ብዙ አይናገርም።

ቦጋለች አመነች። ትምህርቱን ተማረች፣ ከብዙዎቹ አብልጣ መለሰች። የጥምቀቱ ዕለት ግን ወንዙ ዳር ወረፋው መሃል ቆማ ሳለች አንዱ ሽማግሌ መጥቶ ወደ ኋላ ወሰዳት። የመጨረሻ ሆና ተጠመቀች። ከሷ በኋላ ማንም ወንዙ ውስጥ አልገባም። አልታዬ አየች። ደስታውን ላለማበላሸት ግን እንዳላየች ሆነች። አዲስ የተጠመቀ ሰው ደሞ በሚቀጥለው እሑድ ከቤቱ ምግብ አምጥቶ ምእመኑን ያበላል፤ የአጥቢያዋ ወግ ነው። ቦጋለችን ግን ሽማግሌዎቹ፣ «አንቺ በምግብ አትድከሚ፣ ገንቦ አምጪልን» አሏት። አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ጆሮ ያለው፣ የሚያምር ገንቦ ሠርታ አመጣች። የጌታ እራት የሚቀዳበት አደረጉት። ተመልከቱ እንግዲህ! ቆጮዋ አይበላም፣ ገንቦዋ ግን መቅደስ ገባ።

የጌታ እራት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ማሴቦና ሁለት ሽማግሌዎች አልታዬ ቤት መጡ። ሃይታ ቱኬ አፈላችላቸው። ሚጥሚጣውንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራ በቅል ሰጠቻቸው።

«ይሄ ቱኬ ልዩ ነው» አለ ማሴቦ፣ ሁለተኛ እያስቀዳ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልታዬ፣ ለቦጋለች የራሷ ጽዋ ቢዘጋጅላት ብለን ነበር። ለሷው ብለን ነው። እንዳትሸማቀቅ።»

«ማን ነው የሚሸማቀቀው?»

«ሕዝቡ ገና ነው። ደካማው እንዳይሰናከል ነው።»

«ደካማው ማነው ጋሼ ማሴቦ? ስሙን ንገረኝና ሄጄ ላበርታው።»

አንደኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገባ፤ «ሰው ይሄድብናል እህቴ። ሌላ አጥቢያ ይሄዳል። ዘመን ሙሉ የሰበሰብነውን ባንዲት ሴት እንበትን?»

«ያ የጠጣችሁት ቱኬ በማን ድስት ነው የፈላው?»

ሽማግሌው ቅሉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ማሴቦ ግን የተማረ ነበር፤ መልስ አያጣም።

«ድስት በእሳት ይነጻል» አለ።

አልታዬ ተነሳች። ንዴት ነው ያናገራት። «ድስት በእሳት ይነጻል፣ ሰው በክርስቶስ ደም አይነጻም ማለት ነው? እሑድ እሑድ ይነጻል እያልክ አይደለም እንዴ የምታስለቅሰን? ወይስ ደሙ ሸክላ ሠሪ ጋ ሲደርስ ነው የሚያልቀው? ጌታ ራሱ ወገኖቹ ከእጇ ከማይጠጡላት ሴት ውሃ ለምኖ ሊጠጣ ውሃ ጉድጓድ ዳር አልተቀመጠም? እኔ ለዚች ሴት አንድ ጽዋ ነው ብያታለሁ። ቃሌን አይደለም የምታጥፉት፣ የሱን ነው!»

«ተረጋጊ እህቴ፣ እንጸልይ» አለ ማሴቦ።

«ጸልዩ። እኔ ቅቤ አለብኝ።»

ሲሄዱ ላሊሶ ከጓዳ ብቅ አለ። «አንቺ ሴት፣ ቅቤያችንን ልታቀልጪው ነው» አላት።

«ይቅለጣ!»

እሑድ ደረሰ። ቦጋለች ነጭ ቀሚሷን አጥባ ለብሳ መጣች። ከበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ተቀመጠች፣ አልታዬም አጠገቧ። ማሴቦ ከዚያ ከሚያምረው ገንቦ የዘቢቡን ጭማቂ ወደ ትልቁ ጽዋ ቀዳ። ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሄደ። መዘምራኑ ቀስ ብለው ይዘምራሉ። የመጨረሻው አግዳሚ ጋ ሲደርስ ማሴቦ ጽዋውን በግራ እጁ ያዘ። በቀኙ ከኮቱ ኪስ የቆርቆሮ ጣሳ አወጣ። በመሐረቡ ጠረገው። ከጽዋው ትንሽ ገለበጠበትና ለቦጋለች ዘረጋላት።

ቦጋለች ጣሳውን አላየችም። አልታዬን ነው ያየችው። አላለቀሰችም። ዝም ብላ አየቻት፤ ድስት ገልብጣ ስንጥቁን የምትፈልግበት አስተያየት ነው።

አልታዬ ጣሳውን ከማሴቦ እጅ ነጠቀች። ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። «አሜን!» አለች ጮክ ብላ።

መዝሙሩ ቆመ። ማሴቦ ትልቁን ጽዋ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አሁን እሷም ጣሳውን ነክታለች። በሱ ወግ አልታዬም ከጣሳው ወገን ሆነች ማለት ነው። ለሷ ቢሰጣት ደካማው ሊሰናከል ነው። ጽዋውን ከሷ አሳልፎ መልሶ ወደ ፊት ይዞት ሄደ።

ውጪ፣ ደጁ ላይ፣ አልታዬ ቦጋለችን ተከትላ ሮጠች።

«አንቺ አልዋሸሽኝም» አለች ቦጋለች፣ ሳትዞር። «ያንን አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ጌታሽ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር?»

አልታዬ አሰበች። መዋሸት አልፈለገችም። «እኔም አላየሁትም» አለች።

«እንግዲህ እስካየው ድረስ አልቆረጥኩም። ግን ሁለተኛ ያንን ጣሳ ካወጡት፣ ሦስተኛ አታዪኝም። አንቺም አትምጪ።»

ሐሙስ አልታዬ ቅቤዋን ይዛ ከዋንዛው ሥር ተቀመጠች። ሰው እያየ ያልፋል። የዱሮ ደንበኞቿ ቅቤ ከወዲያኛው ረድፍ ሲገዙ አየች። አንዱ ጎረምሳ ከሩቅ፣ «አልታዬ፣ ቅቤሽ ሸክላ ሸክላ ይሸታል አሉ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ሳቀ። ቀረጥ ሰብሳቢው ብቻ አልሳቀም፤ ቀረጡን ግን አልተወላትም። ፀሐይ ከፍ አለች። ቅቤው ኮባው ላይ መላብ ጀመረ። ውሃ ረጨች፣ ረጨች፤ ውሃው አለቀ።

የማሴቦ ሚስት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ከኋላ መጣች። «ሳሮ አልታዬ» ብላ ሰላም አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዱን ጠቅልለሽ በጓሮ በኩል ታመጪልኛለሽ? ያንቺን የለመደ አፍ ሌላ እምቢ አለው።»

«በጓሮ?»

«ሰው እንዳያይ ነው...»

«እህቴ፣ ቅቤ በጓሮ አልሸጥም። ወንጌልም በጓሮ አልነገርኩሽም። እዚህ ፊት ለፊት ነይ፣ ጣትሽን ክተቺ፣ ቅመሽ፣ ግዢ። ካልሆነ ባልሽ በጣሳ ያምጣልሽ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ይበልጥ ስባ ሄደች። አልታዬ ያን ሁሉ ቅቤ ተሸክማ ልትመለስ ስትነሳ ገበያው ጸጥ ሲል ተሰማት። ቀና አለች። ቦጋለች ቦዩን ተሻግራ በገበያው መሃል ትመጣለች። ሸክላ ሠሪ በገበያው መሃል አያልፍም፤ በዳር ነው የሚዞረው። ከኋላዋ ሌሎቹ የሸክላ ሠሪ ሴቶች አሉ።

«ቅቤ ስጪን» አለች ቦጋለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«ስንቱን?»

«ያለውን። ድስት የምናሟሽበት ነው። በውሃ የሚያሟሹ ሞኞች አሉ አሉ።»

አልታዬ የሳቀችው ዕንባዋ እየወረደ ነው።

ወራት አለፉ፣ ሌላ የጌታ እራት ደረሰ። ሳምንት ሲቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ገንቦውን ሊያጥብ ሲያነሳው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ማሴቦ ሐሙስ ራሱ ገበያ ወጣ። ቦዩ ዳር ቆሞ፣ ከሩቅ፣ በዱላው ጠቆመ።

«እህት ቦጋለች፣ ያንን የመሰለ ገንቦ ሥሪልን። ለጌታ ቤት ነው።»

ቦጋለች ጭቃዋን እያቦካች አላቆመችም። «ለጌታ ቤት የሚሆን ገንቦ የለኝም።»

«ዋጋውን ጨምረን እንከፍላለን።»

«ዋጋ አላልኩም ጋሼ ማሴቦ። አፌን የማይፈልግ ሰው እጄን ምን ያደርግለታል?»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የእግዚአብሔር ነገር ነው...»

«እሱን አውቀዋለሁ። እሱም ጭቃ የሚያቦካ ነው። ከሱ ጋር ተነጋግረናል።»

ማሴቦ ወደ ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ዞረ። አንዷ ጀርባዋን ሰጠችው። ሌላዋ፣ «ገንቦ አልቋል» አለች፤ ፊት ለፊቷ ገንቦ ተደርድሮ። ዱላውን ይዞ ተመለሰ።

እሑድ ምእመኑ ገብቶ ሲቀመጥ ከፊት ጠረጴዛው ላይ፣ ከነጩ ጨርቅ በላይ፣ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። የዘይት ጀሪካን ነው፤ ጽሑፉ ተፍቆ አላለቀም። ሰው ተያየ። እማማ ፋንታዬ ከፊተኛው አግዳሚ ነበሩ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«ማሴቦ!» አሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ሹክ ማለት አይችሉም፤ ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። «ጌታ ዛሬ ጋዝ ሊሸጥ መጣ እንዴ?»

ልጆች ሳቁ። ትልልቆቹም አፋቸውን ያዙ።

«እማ፣ ዝም በይ» አለ ማሴቦ።

«ገንቦው የት ሄደ?»

«ተሰበረ።»

«አዲስ አትገዛም?»

«አልሸጥም አለች።»

«ማን?»

ማሴቦ ወደ በሩ አየ። እማማ ፋንታዬ ዞር ብለው ወደ መጨረሻው አግዳሚ አዩ። ቦጋለችና አልታዬ በር ሥር ተቀምጠዋል። ያለፈውን የጌታ እራት እማማ ፋንታዬ ታመው ቀርተው ነበር፤ ወሬውን ግን ሰምተውታል። ምራታቸው ቅቤ አጥታ ስትነጫነጭ ነው የሰሙት።

«ጣሳህን አምጥተሃል?» አሉት ልጃቸውን።

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፣ ተመለሰ። አለ ማለት ነው።

እማማ ፋንታዬ ተነሱ። ዱላቸው ወለሉን እየመታ በአግዳሚዎቹ መሃል ሄዱ። መጨረሻው ጋ ደርሰው በቦጋለችና በአልታዬ መሃል ቦታ አስለቅቀው ተቀመጡ። «አፌ ደርቋል። አምጣ» አሉ።

ማሴቦ ጽዋውን ይዞ መጣ።

«እሱን አይደለም። ጣሳውን።»

«እማ...»

«አምጣ አልኩህ!»

አወጣ፣ ቀዳ፣ ሰጣቸው። ጠጡና ጣሳውን ወለሉ ላይ ወረወሩት። ተንከባሎ ማሴቦ ጫማ ጋ ቆመ።

«በል እንግዲህ» አሉት። «ዛሬ ምሳ ቤትህ ነኝ። ካንተ ሳህን ነው የምበላው፣ ከልጆችህ ጋር ነው የምጎርሰው። ምን ልታደርገኝ ነው? ለኔም አጥርህ ላይ ስባሪ ቅል ልትሰቅልልኝ ነው? ወይስ እናትነቴን በእሳት ታነጻዋለህ? ይህቺ ቅቤ ሻጭ ጉልበቴን እያሸች ስለ ጌታ ስትነግረኝ አንተ የት ነበርክ? እኔን ያመጣችኝ ሴት ነች ይህቺንም ያመጣችው። በአንድ በር ነው የገባነው!»

ከግራ በኩል ሦስት አግዳሚ ሙሉ ሰው ተነስቶ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቦጋለችን እንዳይነኩ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። አልታዬ እያንዳንዳቸውን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። አንዳንዶቹን ለጌታ ያመጣቻቸው እሷ ነበረች።

የቀሩት ቀሩ። ማሴቦ ጣሳውን ተሻግሮ ቀረበ። ትልቁን ጽዋ ለቦጋለች ዘረጋላት። ከጽዋው ነጩ ቀሚሷ ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ቦጋለች በሁለት እጇ ተቀበለችው። ከመጠጣቷ በፊት ከፍ አድርጋ ሥሩን አየችው፣ ልማድ ሆኖባት፤ ዕቃ ይዛ ሥሩን ሳታይ አትቀርም። ጠጣች። ለማሴቦ አልመለሰችውም፤ ለእማማ ፋንታዬ ሰጠች፣ እሳቸው ለአልታዬ። አልታዬ ጠጥታ፣ አፏ የነካውን በኩል አዙራ፣ ለማሴቦ አቀረበችለት።

«ጠጣ» አሉ እናቱ።

ጠጣ። ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጠጣው፤ ልጅ የኮሶ መድኃኒት ሲጠጣ እንደሚጨፍነው።

ደጁ ላይ ሲወጡ አልታዬ ቦጋለችን ክንዷን ያዘቻት። «ዛሬስ? ነበር?»

«ነበር» አለች ቦጋለች። «አሮጊቷ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።» ትንሽ ከሄዱ በኋላ ደሞ፣ «ማሴቦ ግን ዓይኑን ጨፈነብኝ እኮ!» አለች፣ ንዴቷ እንደ አዲስ ተነስቶ። አልታዬም፣ «አይቼዋለሁ። አልረሳለትም» አለች።

የአልታዬ ቅቤ ዛሬ ዛሬ ግማሹ ይሸጣል፣ ግማሹ ይተርፋል። እማማ ፋንታዬ በዱላቸው እየተመረኮዙ መጥተው፣ በአደባባይ፣ ጣታቸውን ከተው ቀምሰው ይገዛሉ። የወጡት አልተመለሱም። ከቦዩ ወዲያ ግን ሌላ ነገር ተጀምሯል። ገዢ መጥታ ድስቱን በጥፍሯ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ለመስማት ጆሮዋን ስታስጠጋ፣ ቦጋለች ጎንበስ ትልና፣ «እግዚአብሔር ሰውን ከምን እንደሠራው ታውቂያለሽ?» ትላታለች።

ማሴቦ ስለ ገንቦው ሁለት ጊዜ ሰው ልኮባታል። «ዓይኑን ገልጦ የጠጣ ዕለት እሠራለታለሁ» ብላ መልሳለታለች።

እስከዚያው የጌታ እራት የሚቀዳው ከቢጫው ጀሪካን ነው።